መጋዘኑ ሶዶ፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ፦ ካሜራን ከሩቅ ለማየት የሚከፈተው በር

ወላይታ ሶዶ የመንገድ ከተማ ናት። ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሳውላና ከዳውሮ የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ዝንጅብሉ፣ ቦሎቄው፣ በቆሎው፣ ቡናውና ቅቤው ከዞኑ ወረዳዎች ተሰብስቦ በከተማዋ መጋዘኖች ያርፋል፤ ከአዲስ አበባ የሚጫነው ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና የቤት ዕቃም እዚያው ይራገፋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከተማዋ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። የሚገነባው ሕንፃ፣ የሚከፈተው መደብርና ሆቴል ሲበረክት የንብረቱ ባለቤት በየቀኑ በቦታው የማይገኝበት አጋጣሚም በዚያው መጠን ይበረክታል።

እንዲህ ያለው ባለቤት ካሜራ ያስገጥማል። የካሜራ ነጋዴውም ዋነኛ ማሻሻጫ ቃል አንድ ነው፤ «የትም ቢሆኑ ከስልክዎ ያዩታል» ይላል። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ምስሉ ከሶዶ መጋዘን ተነሥቶ አዲስ አበባ ወይም ጆሃንስበርግ ባለቤቱ ስልክ ላይ እስኪደርስ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ፣ በመንገዱም ላይ ማን ሊቆም እንደሚችል ሻጩ ብዙውን ጊዜ አያብራራም። ገዢውም አይጠይቅም። ከመንገዶቹ አንዱና በመቅጃ ማሽኖች የማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ «ዲዲኤንኤስ» ተብሎ የሚገኘው ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ነው። ስለ እርሱ አስቀድሞ ያልጠየቀ ገዢ ገንዘቡን የሚያጣው ወይም መጋዘኑን ለማያውቀው ሰው የሚከፍተው እዚህ ላይ ነው።

ተለዋዋጭ ቁጥር፣ ቋሚ ስም

ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ መስመር ሁሉ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል። ስልክ ለመደወል ቁጥር እንደሚያስፈልግ ሁሉ መቅጃውን ከሩቅ ለማግኘትም ይህ ቁጥር መታወቅ አለበት። ችግሩ አብዛኞቹ ተራ መስመሮች ቋሚ ቁጥር የሌላቸው መሆኑ ነው። ሞደሙ ጠፍቶ ሲነሣ ወይም መስመሩ ተቋርጦ ሲመለስ ቴሌው ከእጁ ካለው ክምችት ሌላ ቁጥር አንሥቶ ሊሰጠው ይችላል። ማታ የተመዘገበው ቁጥር ጠዋት የሌላ ደንበኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

መብራት የሚቆራረጥበት ከተማ ውስጥ ይህ በየጊዜው የሚያጋጥም ነው። በነገራችን ላይ ከጊቤ 3 የሚመነጨው ኃይል ወደ ሶዶ ማከፋፈያ ጣቢያ ይገባል፤ ወደ ኬንያ የሚዘልቀው 1 ሺህ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመርም መነሻው ወላይታ ሶዶ ነው። ለጎረቤት አገር የሚሸጠው መብራት በከተማዋ በኩል ማለፉ ግን የሶዶን ባለመደብር ዩፒኤስ ከመግዛት አላዳነውም።

ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ለዚህ የቁጥር መለዋወጥ የተበጀ ዘዴ ነው። ሲም ካርድ ቶሎ ቶሎ የሚቀያይር ደላላን ማሰብ ይበቃል። ደላላው ቁጥሩን በቀየረ ቁጥር አንድ ባለ ሱቅ ዘመዱ ጋ ደውሎ «የዛሬው ቁጥሬ ይህ ነው» ይላል። ደንበኞቹ የደላላውን ቁጥር በቃል መያዝ አያስፈልጋቸውም፤ ባለ ሱቁን በስሙ ይጠይቃሉ፣ የዕለቱን ቁጥር ይቀበላሉ፣ ይደውላሉ። በካሜራው ዓለም ደላላው መቅጃው ወይም ሞደሙ ነው። ባለ ሱቁ የዳይናሚክ ዲኤንኤስ አገልግሎት ሰጪው ኩባንያ ሲሆን፣ ደንበኛው ደግሞ የባለቤቱ ስልክ ነው።

የስምና የቁጥር መዝገቡ ራሱ ዲኤንኤስ የተባለው ሥርዓት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ በተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ የተነደፈ ነው። በመጀመሪያ የታሰበው ቁጥራቸው ብዙ ለማይለዋወጥ ኮምፒውተሮች ነበር። ስሙ ሳይለወጥ ቁጥሩን በራሱ ጊዜ ማደስ የሚቻልበት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዓመቱ ዳይን የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ ተማሪዎች እጅ ተመሠረተና አገልግሎቱን በነጻ ማዳረስ ጀመረ። ካሜራና መቅጃ የሚሠሩ ኩባንያዎችም የዳይንንና የኖ-አይፒን ስም በማሽኖቻቸው ውስጥ አስቀድመው ከተቱ። እስከ አሁን ድረስ በርካታ መቅጃዎች ሲከፈቱ እነዚህ ስሞች በምርጫ ዝርዝሩ ላይ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ አንድ ስም ይመዘገባል፤ በመቅጃው የኔትወርክ ገጽ ላይ ያ ስም፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይሞላል። ከዚያ በኋላ መቅጃው የመስመሩን ቁጥር እየተከታተለ ለውጡን ያሳውቃል። ይህን ሥራ ሞደሙም ሊሠራው ይችላል፤ ሁለቱ ላይ በአንድ ጊዜ መሙላት ግን ማሽኖቹን ከማጋጨት በቀር ጥቅም የለውም። ከሁለቱ ሞደሙ ይመረጣል፤ ቁጥሩ የሚለወጠው እርሱ ላይ ነውና።

ስም ቢኖርም በር ላይኖር ይችላል

እስከዚህ ያለው የሻጩ ሥዕል ነው። ብዙ ገዢዎች የሚሰናከሉት ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነው።

በዓለም ላይ ያለው የድሮው ዓይነት አይፒ ቁጥር አልቋል። የዓለም አቀፉ ማዕከላዊ ክምችት የመጨረሻው ድርሻ የተከፋፈለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ የቴሌ ኩባንያዎች በተለይ በሞባይል መስመሮች ላይ አንዱን የአደባባይ ቁጥር ለበርካታ ደንበኞች ያጋሩታል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚሰጠው ከውጭ የማይታይ የውስጥ ቁጥር ነው። ደንበኛው ወደ ውጭ ሲወጣ ችግር የለም፤ ጋዜጣ ያነባል፣ ቪዲዮ ያያል። ከውጭ ወደ እርሱ ለመምጣት ግን በር የለም። አንድ መቶ ተከራይ ባለበት ግቢ በዋናው በር ላይ ቆሞ ስም ሳይጠሩ እንደማንኳኳት ነው፤ ዘበኛው እንግዳው ማንን እንደፈለገ አያውቅም።

ዳይናሚክ ዲኤንኤስ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ሲገጠም ሥራውን በትክክል ይሠራል፤ የዋናውን በር ቁጥር ያስመዘግባል። ስሙ ሲጠየቅ ቁጥሩ ይመጣል። ካሜራው ግን አይታይም። ባለሙያው መቅጃውን ይወቅሳል፣ ባለቤቱ ባለሙያውን ይወቅሳል፣ አንዳንዴም መቅጃው ያለ ጥፋቱ ይቀየራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃን በስሕተት መለወጥ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ፈተናው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት መደረግ አለበት። የሞደሙ ገጽ ተከፍቶ በውጭ በኩል ያለው ቁጥር ይነበባል። ከዚያም በዚያው መስመር ላይ ካለ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የራስን አይፒ ከሚያሳዩት ገጾች አንዱ ይከፈታል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ መስመሩ የአደባባይ አድራሻ አለው። ከተለያዩ የለውም። የሞደሙ የውጭ ቁጥር በ10 የሚጀምር፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ እነዚህ የውስጥ ቁጥሮች ናቸው። በ192.168 የሚጀምር ሆኖ ከተገኘ ግን ጥፋቱ የቴሌው ላይሆን ይችላል። በሞደሙ ላይ ሌላ ራውተር ተደርቦ ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያ ገመዱን መከታተል ተገቢ ነው።

መስመሩ የአደባባይ አድራሻ ከሌለው ምን ይደረጋል? አንደኛው መንገድ ከቴሌው መጠየቅ ነው። የድርጅት ደንበኞች ቋሚ አይፒ ያለው የገመድ ወይም የፋይበር መስመር በክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ቋሚ ቁጥር ከተገኘ ደግሞ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ የሚባለው ነገር ራሱ አያስፈልግም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአገሪቱ የሚጠየቀው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ አይደለም፤ ሆኖም የሞባይል ዳታ ያለው ሲም በሳጥን ሞደም ላይ ተሰክቶ «የቢሮ ኢንተርኔት» ስለተባለ ብቻ የአደባባይ አድራሻ ያገኛል ማለት አይደለም። ጥያቄው በጽሑፍ ቀርቦ መልሱም በጽሑፍ ቢገኝ ይመረጣል።

ሁለተኛው መንገድ ዛሬ አብዛኛው ገጣሚ የሚጠቀምበት ነው። በመቅጃው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በስልክ ማንበብ ብቻ ይበቃል። በሂክቪዥን ሂክ-ኮኔክት፣ በዳሁዋ ዲኤምኤስኤስ የሚባሉት የስልክ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በዚህ ዘዴ ነው። መቅጃው ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ የፋብሪካውን ኮምፒውተር ያገኛል፤ የባለቤቱ ስልክም እዚያው ይሄዳል፤ ኩባንያው ሁለቱን ያገናኛል። የአደባባይ አድራሻ አይጠየቅም፣ በር አይከፈትም፣ ስም አይመዘገብም። ለአንድ ሱቅና ለአራት ካሜራ ይህ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መድከም ትርፉ ትንሽ ነው። ዋጋው ደግሞ ሌላ ነው፦ የመጋዘኑ ምስል መዳረሻ በውጭ ኩባንያ ፈቃድ ላይ ይቆማል። ኩባንያው አገልግሎቱን ቢለውጥ ወይም ቢያቋርጥ የሶዶው ነጋዴ አቤት የሚልበት ቦታ የለውም።

የተከፈተ በር ለሁሉም ነው

መስመሩ የአደባባይ አድራሻ አለው እንበል፤ ስሙም ተመዝግቧል። አንድ ሥራ ይቀራል። ሞደሙ ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ወደ መቅጃው እንዲያሳልፍ መታዘዝ አለበት። ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚባለው ይህ ነው። የሂክቪዥን መቅጃዎች ብዙውን ጊዜ 8000፣ የዳሁዋዎቹ 37777 የተባለውን በር ይጠቀማሉ፤ 80 እና 554 የሚባሉትም አብረው ይከፈታሉ።

ባለሙያው ይህን ሲጨርስ ስልኩ ላይ ምስሉ ይመጣል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ያልተነገረው ነገር ግን በሩ ለባለቤቱ ብቻ የተከፈተ አለመሆኑ ነው። በዓለም ላይ ያሉትን የአደባባይ ቁጥሮች ሁሉ እየዞሩ ክፍት በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሌሊትና ቀን አይሉም። የሶዶ መጋዘን ትንሽ በመሆኑ አይታለፍም፤ የሚፈልጉት የመጋዘኑን ትልቅነት ሳይሆን የመቅጃውን የይለፍ ቃል ነው።

የዚህ ጉዳይ ታላቁ ትምህርት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 2016 የሆነው ነው። ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ከፋብሪካ እንደወጡ ያልተቀየሩ 60 ያህል የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን ይዞ ካሜራዎችን፣ መቅጃዎችንና ሞደሞችን ይሞክር ነበር። በገነነበት ወቅት 600 ሺህ ያህል ማሽኖችን በቁጥጥሩ ሥር አድርጎ እንደነበር በኋላ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። በዚያ ዕለት እንዲህ የተማረኩ ማሽኖች በአንድ ላይ የጥያቄ ጎርፍ ለቀቁ። የተመታውም ከላይ የተጠቀሰው ዳይን ነበር። ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ ገጾች በአሜሪካና በአውሮፓ ለሰዓታት ተቋረጡ። ካሜራ ከሩቅ እንዲታይ ስም በመስጠት ስሙን ያተረፈው ኩባንያ በካሜራዎችና በመቅጃዎች ተመታ ማለት ነው። ፕሮግራሙን የጻፉት ሦስት ወጣት አሜሪካውያን በቀጣዩ ዓመት በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አምነዋል። በርካታ ማሽኖች ውስጥ ዕቃው የተገኘበት ሺዮንግማይ የተባለው የቻይና ኩባንያም በአሜሪካ ከተሸጡት ካሜራዎች አንዳንዶቹን እንደሚሰበስብ አስታወቀ።

የይለፍ ቃል መቀየር የመጀመሪያው ግዴታ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሂክቪዥንም በዳሁዋም አንዳንድ ሞዴሎች ላይ የይለፍ ቃሉን ሳያውቁ ለመግባት የሚያስችል ቀዳዳ ተገኝቷል። በ2021 ደግሞ በሂክቪዥን ብዙ ሞዴሎች ላይ ሌላ ከባድ ቀዳዳ ታወቀ። ኩባንያዎቹ ማስተካከያ አውጥተዋል፤ ይሁን እንጂ ማስተካከያው የሚጠቅመው መቅጃው ላይ ለተጫነለት ብቻ ነው። ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ የውስጥ ፕሮግራሙ ያልታደሰ መቅጃ በር ተከፍቶለት አደባባይ ላይ መቀመጡ ቁልፍ በመዝጊያው ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው።

የገንዘብ ሳጥን፣ የዕቃ አወጣጥና የዘበኛ ቅያሪ ሰዓት በካሜራ የሚታይበት መጋዘን ውስጥ ደግሞ ጉዳቱ የኢንተርኔት ብቻ አይደለም። ሌባው መጋዘኑ መቼ ባዶ እንደሚሆን ከራሱ ከባለቤቱ ካሜራ ሊያጠና ይችላል።

ስለዚህ ዳይናሚክ ዲኤንኤስን የሚመርጥ ሰው በሩን በቀጥታ ወደ መቅጃው ባይከፍት ይሻላል። የተሻለው መንገድ ቪፒኤን ነው። ሞደሙ ላይ ወይም አጠገቡ በሚቀመጥ አነስተኛ ራውተር ላይ አንድ የተቆለፈ ዋሻ ይሠራል፤ ባለቤቱ በመጀመሪያ ወደ ዋሻው ይገባል፣ ከዚያ በኋላ መቅጃውን በመጋዘኑ ውስጥ እንዳለ ሰው ያየዋል። ከውጭ ለሚፈልግ ሰው መቅጃው የለም። ሚክሮቲክን የመሰሉ ራውተሮች ቪፒኤኑንም የዳይናሚክ ዲኤንኤስ ስሙንም አንድ ላይ ይይዛሉ፤ ስሙ በኩባንያው በነጻ የሚሰጥ በመሆኑ ሌላ ቦታ መመዝገብ አያስፈልግም። ጭማሪው ወጪ የራውተሩ ዋጋና የባለሙያው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በሞደሙ ላይ ዩፒኤንፒ የሚባለው ምርጫ ካለም መጥፋት አለበት፤ መቅጃው ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ራሱ በር እንዲያስከፍት የሚፈቅድለት እርሱ ነው።

ስሙ በማን እጅ ነው?

ገጣሚው ስሙን በራሱ ኢሜይል ይመዘግባል። ክፋት ኖሮበት ላይሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ኢሜይሉን ስለማያስታውስ ወይም ስለማይጠቀምበት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ግን ገጣሚው ሌላ ከተማ ሄዷል፣ ስልኩ አይነሣም፣ ስሙም ይሞታል። ኖ-አይፒ በነጻ የሚሰጣቸው ስሞች በየ30 ቀኑ «አሁንም እጠቀማለሁ» ተብሎ መረጋገጥ አለባቸው። ማስታወሻው የሚላከው ለተመዘገበው ኢሜይል ነው፤ ማለትም ለገጣሚው።

ስሙ ሲሞት ካሜራው መጥፋቱ ትንሹ ጉዳት ነው። የተለቀቀን ስም ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። በዚያን ጊዜ የባለቤቱ ስልክ የድሮውን ስም እየጠራ ከማያውቀው ማሽን ጋር ሊገናኝ፣ የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉንም ለዚያ ማሽን ሊያቀርብ ይችላል። አገልግሎቱን የተዉ ሰዎች ስሙን ከስልካቸው ላይ ማጥፋት ያለባቸው ለዚህ ነው።

ነጻ የነበረው ነገርም ነጻ ሆኖ አይቆይም። ዳይን ነጻ አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ዘጋ፤ በእርሱ ላይ የተንጠለጠሉ መቅጃዎች በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ወይ ከፋይ ሆኑ ወይ ጠፉ። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ማይክሮሶፍት ወንጀለኞች ይጠቀሙባቸዋል ብሎ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የኖ-አይፒን 22 መጠሪያዎች ተቆጣጠረ። ስሞቹ ለኖ-አይፒ እስኪመለሱ ድረስ ምንም ያላጠፉ ደንበኞችም ለቀናት ተቋርጠው ነበር። የሚከፈልበት አገልግሎት ይሻላል ቢባል ደግሞ ክፍያው በዶላር ካርድ ነው፤ ይህ ለሶዶ ነጋዴ የራሱ ጣጣ አለው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይክፈለው ከተባለም ሒሳቡ በዘመድ ስም እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው።

ከገጣሚው ጋር የሚደረገው ውል ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር አስቸጋሪ አይደለም። ሒሳቡ በባለቤቱ ኢሜይል እንዲከፈት፣ የመቅጃው ዋና የይለፍ ቃል በባለቤቱ እንዲቀየር፣ ለገጣሚው ሌላ አነስተኛ መብት ያለው መግቢያ እንዲሰጥና ሥራው ሲያልቅ እንዲዘጋ ይጻፋል። የመጨረሻው ክፍያ ይህ ሳይሟላ ባይሰጥ ጥሩ ነው።

መስመሩ ስንት ምስል ይሸከማል?

ሻጩ «20 ሜጋ መስመር አለዎት፣ ይበቃል» ይል ይሆናል። መጠየቅ ያለበት ግን የሚወርደው ሳይሆን የሚጫነው ነው። ካሜራ የሚልክ እንጂ የሚቀበል አይደለም፤ በብዙ መስመሮች ላይ ደግሞ ወደ ውጭ የሚላከው መጠን ከሚወርደው ያነሰ ነው።

ባለ 2 ሜጋፒክስል አንድ ካሜራ በተለመደው አጨማመቅ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል። ስምንት ካሜራ 32 ሜጋቢት ይሆናል። ይህን በሙሉ ጥራት ከሩቅ ለማየት መሞከር ከንቱ ነው። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ካሜራ ሁለተኛ አነስተኛ ምስል ያዘጋጃል፤ ይህ 512 ኪሎቢት ላይ ቢደረግ ስምንቱም በ4 ሜጋቢት ያልፋሉ። ለባለቤቱም ኪስ ይበጃል። ሙሉውን ምስል ከአንድ ካሜራ ለአንድ ሰዓት ማየት 1.8 ጊጋባይት የሞባይል ጥቅል ይበላል፤ አነስተኛው ግን 230 ሜጋባይት ያህል ነው።

መቅጃው ውስጥ የሚገባው ሃርድ ዲስክም እንዲሁ በስሌት ይገዛል። አንድ ካሜራ በ4 ሜጋቢት በቀን 43 ጊጋባይት ያህል ይሞላል፣ ስምንቱ 345 ይሆናሉ። 4 ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን ተኩል ይይዛል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አሮጌው እየጠፋ አዲሱ ይተካል። የወር ቆጠራ ላይ ጉድለት የሚያገኝ ነጋዴ እንግዲህ ያለፈውን ወር መጀመሪያ ማየት አይችልም። ኤች 265 የሚባለውን አጨማመቅ መምረጥ ጊዜውን በግምት እጥፍ ያደርገዋል፤ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ማድረግም ይረዳል።

መብራቱ ሲሄድ፣ መስመሩ ሲቋረጥ

መቅጃ፣ ሞደምና አራት ካሜራዎች አንድ ላይ 50 ዋት ገደማ ይጠይቃሉ። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው አነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት-ሰዓት ነው፤ በተግባር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። ሌሊቱን ሙሉ ለ12 ሰዓት ለመጠበቅ 600 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። ይህም ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪን እስከ ግማሹ ድረስ መጠቀም ማለት ነው። ዩፒኤሱ ከመቅጃው ጋር ብቻ ተያይዞ ሞደሙ የሚረሳበት ጊዜም አለ፤ ያኔ ካሜራው ይቀዳል እንጂ ባለቤቱ አያይም።

መስመሩ ራሱ ሲቋረጥ ደግሞ ዳይናሚክ ዲኤንኤስም ቪፒኤንም የፋብሪካው ፕሮግራምም እኩል ዋጋ ቢስ ናቸው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት ቆይቷል። ንብረት ጥበቃ በጣም የሚፈለግበት ጊዜ መስመር የሚጠፋበት ጊዜ ሊሆን እንደሚችል መታሰብ አለበት። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚቀረው በመቅጃው ዲስክ ላይ ያለው ብቻ በመሆኑ መቅጃው በካሸሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «ውሰዱኝ» ማለት የለበትም። በተቆለፈ ሳጥን፣ አየር በሚያገኝና ከመግቢያው በራቀ ቦታ ይቀመጥ። ዘበኛውም ይቀጠር፤ ካሜራ በር አይዘጋም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የሌላውን ሰው መቅጃ ያለ ፈቃድ መክፈት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ነው። ባለካሜራውም ቢሆን ግዴታ አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መለያ መረጃ የሚሰበስብና የሚያከማች ሁሉ የሚገዛበት ሲሆን አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የደንበኛና የሠራተኛ ፊት መለያ መረጃ ነው። በመግቢያው ላይ ካሜራ መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ መለጠፍ፣ በመጸዳጃና በልብስ መቀየሪያ አካባቢ አለመግጠም፣ ቅጂውንም ለማንም አለማደል ትንሹ ጥንቃቄ ነው።

የሰዓቱ ነገር

ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ማስረጃ ሲፈለግ የሚያስቸግር አንድ ተራ ነገር አለ። መቅጃው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የሚመዘግበው። ዘበኛው «ሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ድምፅ ሰማሁ» ቢል በመቅጃው ላይ የሚፈለገው 09:00 አይደለም፣ 21:00ም አይደለም፤ 03:00 ነው። ቀኑም ሰኞ አይደለም። በእኛ አነጋገር የሰኞ ሌሊት እስኪነጋ ሰኞ ሲሆን መቅጃው ግን እኩለ ሌሊት ላይ ማክሰኞ ብሎ ይቀጥላል። ይህን ባለማወቅ «ቅጂው የለም» ተብሎ የተተወ ማስረጃ ከሁለት ሳምንት በኋላ በአዲስ ምስል ተተክቶ ይጠፋል።

ገጣሚው ሲመጣ የሰዓት ክልሉን ከግሪንዊች 3 ሰዓት ቀዳሚ አድርጎ እንዲሞላ፣ ሰዓቱንም ኤንቲፒ በሚባለው ዘዴ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲያስተካክል ማዘዝ ያስፈልጋል። ብዙ ማሽኖች ከፋብሪካ የሚወጡት በቻይና ሰዓት ነው፤ ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። በመቅጃው ሳጥን ላይ «ሌሊት 9 = 03:00፣ ቀኑ የማግስቱ» ብሎ በማርከር ጽፎ መለጠፍ ምንም አያስወጣም።